የሕንድ ጨርቅና የጎንደር እጅ

ሐር፣ ከፈይ፣ ወርቀ ዘቦ፣ ሰማያዊና ቀይ የጥጥ ጨርቅ፣ ስስ ሻሽ፣ ዶቃ፣ ቁንዶ በርበሬ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በሕንድ መርከብ ተጭኖ፣ በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ሰሜኑ ደጋ ይወጣ የነበረው ሸቀጥ በአብዛኛው ይህ ነበር። ከሸቀጡ ጋር ሰውም መጥቷል፤ ኖራ የሚያቃጥል፣ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ብርና ወርቅ የሚያነጥር። የጎንደር ሸማኔ፣ ደጓሽ፣ ግንበኛና ሠዓሊ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ራሱ ሥራ አስገባው። ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ እንደ መጣ የተለበሰበት ጊዜ አለ፤ የሚበልጠው ግን ተተርትሮ ጥለት፣ ተቆርጦ የመጽሐፍ ገበር፣ ተሰፍቶ የታቦት መጎናጸፊያ ሆኗል። የሕንድ እጅ በጎንደር ምን እንደ ተወ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መመርመር ያለበት ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግንኙነቱ ጎንደርን እጅግ ይቀድማል። በደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ በላይ የሚሆኑ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕት ዓመታት ሰሜን ሕንድን የገዙ ናቸው፤ ሳንቲሞቻቸው ትግራይ ውስጥ መገኘታቸው በአክሱም ዘመን በአዱሊስ ወደብ በኩል ይካሄድ የነበረውን ንግድ ያስረዳል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቁንዶ በርበሬ እዚያ ምን ያህል እንደሚፈለግ ጽፏል። ጎዋን የያዙት ፖርቱጋሎች ለዓፄ ልብነ ድንግል ባቀረቡት እጅ መንሻ ውስጥም ቁንዶ በርበሬ ነበረበት።

ለጎንደር ንግድ መሠረት የጣሉት ግን በ16ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። በ1573 ደግሞ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የሞጎሎቹ ንጉሥ አክበር ጉጅራትን አሸንፎ የሱረትን ወደብ በእጁ አገባ። ሱረት ከዚያ በኋላ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የሕንድ ውቅያኖስ ትልቁ የጨርቅ ገበያ ሆና ቆየች። የጉጅራት መርከቦች በበጋው ነፋስ ተገፍተው በዓረብ ጠረፍ ወዳሉት ወደ ሞካና ወደ ጅዳ ይመጣሉ፤ ነፋሱ ሲዞር፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ ይመለሳሉ። ከሞካና ከጅዳ ወደ ምጽዋ ዕቃውን የሚያሻግሩት ትንንሽ ጀልባዎች ነበሩ። በዚህ ምክንያት በጎንደር ገበያ የተሸጠ የሱረት ጨርቅ ብዙ ጊዜ የሦስት ነጋዴ እጅ አልፎ የመጣ ነው፤ የጉጅራቱ፣ የዓረቡና የኢትዮጵያው።

ከምጽዋ በላይ ያለው መንገድ ከባሕሩ የከፋ ነበር። ቅፍለቱ ወደ ደጋው ወጥቶ አድዋ ያርፋል። ከአድዋ ተከዜን ተሻግሮ የሊማሊሞን ገደል ይወጣል፤ ደባርቅና ዳባት አድርጎ በወገራ ሜዳ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ሊማሊሞ ላይ የተጫነ በቅሎ ማለፍ ስለሚቸገር ጭነቱ ብዙ ጊዜ በሰው ትከሻ ይወጣ ነበር። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ በየኬላውም ቀረጥ። ክረምት ከገባ ተከዜ ስለሚሞላ ነጋዴው መስቀልን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደርሶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው፤ በየቦታው መቆየቱ ተጨምሮ አምስት ወር ያህል ፈጅቶበታል። በዚህ መንገድ የሚመጣ ዕቃ ከባድና ርካሽ ሊሆን አይችልም። ጨርቅ፣ ክር፣ ቅመምና ዶቃ የተመረጡት ቀላል ሆነው ብዙ ዋጋ ስለሚያወጡ ነው። በልዋጩ ከደቡብና ከምዕራብ የመጣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ ባሮችም እንደዚሁ። የባሪያ ንግዱን ሳያነሱ ስለ ሐሩ ብቻ መጻፍ ታሪኩን ማጉደል ነው፤ ሐሩ ከተገዛበት ገንዘብ አንዱ ክፍል ሰው ተሸጦ የተገኘ ነበርና።

ይህን ንግድ በእጃቸው ይዘው የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ብዙ ነጋዴ መጥቶ ሰፈረባት። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668፣ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ስለወሰነ በቀሃ ወንዝ አጠገብ እስላም ቤት የተባለው ሰፈር ተስፋፋ፤ ኋላ አዲስ ዓለም የሚባለውም ይኸው አካባቢ ነው። ብሩስ በዘመኑ ከተማይቱ በሰላም ጊዜ 10,000 ቤተሰብ ያህል፣ የሙስሊሞቹ ሰፈር ደግሞ 3,000 ቤት ያህል እንደ ነበራቸው ገምቷል። የነጋዴው አለቃ ነጋድራስ ይባላል፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ በነጋዴዎች መካከል ይዳኛል። ሙስሊም በመሆኑ መሬት የመያዝ መብት የተነፈገው ነጋዴ ልቡን ሙሉ በሙሉ በንግድ ላይ መጣሉ አያስደንቅም። ሞካና ጅዳ ድረስ ወርዶ ከሕንዶች ጋር በዓረብኛ የሚደራደር፣ ሐጅንም ንግድንም በአንድ ጉዞ የሚያደርስ የጎንደር ሰው ከዚህ ሰፈር ይወጣ ነበር።

በግንባታ ረገድ የሕንድ ሰዎች ሥራ ከከተማዋ መቆርቆር በፊት ይጀምራል። ዓፄ ሱስንዮስ በጣና ዳር በጎርጎራ፣ ቀጥሎም ከጎንደር በስተ ደቡብ ባለው በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። የጎርጎራው በኢየሱሳዊው (የጀስዊት ማኅበር) የካቶሊክ ሰባኪ በፔድሮ ፓኤዝ አመራር የተሠራ ነው። ስለ ደንቀዙ ዜና መዋዕላቸው ሁለት ሰዎችን ያነሣል፤ አንዱ አብዱልከሪም የተባለ ባንያን፣ ማለትም የሕንድ ሰው፣ ሌላው ሰደቃ ነስራኒ የተባለ ግብፃዊ። በዚያ ዘመን የእጅ ባለሙያ ስም በነገሥታት ታሪክ ውስጥ የሚጻፈው ሥራው እጅግ ከተደነቀ ብቻ ስለሆነ የአብዱልከሪም ስም መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

ለውጡን ያመጣው ኖራ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በ1621 ገደማ የታወቀው ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት ነበር። ከዚያ በፊት ግንቡ የሚያያዘው በጭቃ ነበር፤ ጭቃ ደግሞ ክረምት ይበላዋል፤ ፎቅና ድምድማት ተሸክሞ አይቆምም። ኖራው ከተገኘ በኋላ ግን ጥቁሩን የአገር ድንጋይ እስከ ሁለትና ሦስት ፎቅ ማንሣት፣ ቅስት ማዞር፣ በማዕዘኑ ላይ ክብ ግንብ ማቆም ተቻለ። በደንቀዝ፣ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስና በሌሎችም የዚያ ዘመን ፍርስራሾች የቆፈሩ የስፔን አርኪኦሎጂስቶች በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ጽጌያትና ሐረጎች በጎዋና በጉጅራት ከሚታየው ሥራ ጋር እንደሚመሳሰሉ አሳይተዋል። በጎጃም የመርጡለ ማርያም ቅርጽ የዚሁ ወገን ነው።

ፋሲል ግንቡን በፖርቱጋሎች አሠሩ የሚለው ወሬ ዛሬም በብዙ ሰው አፍ አለ። የዓመቱ ቅደም ተከተል ይህን አይደግፍም። ፋሲል በፖርቱጋል የሚደገፉትን ኢየሱሳውያን ያባረሩት ከተማዋን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው፤ ወደብ ላይ የአውሮፓ ሰው እንዲታገድም ከሱዋኪንና ከምጽዋ ፓሻዎች ጋር ተስማምተው ነበር። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ የመንና ወደ ሕንድ ነው። በ1648 ከየመኑ ኢማም ተልኮ በቤይሉል በኩል ጎንደር የደረሰው አልሐይሚ ግንቡን አይቶ እጅግ ተደንቋል፤ የሠራው ሕንዳዊ እንደ ሆነም ጽፏል። ያየውን የጻፈ የዘመኑ ሰው ምስክርነት ከኋለኛ ወሬ ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ሕንዳዊው ብቻውን ሠራው ማለት አይደለም። ድንጋዩን የፈነቀሉት፣ የጠረቡት፣ እንጨቱን ያዋደዱት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በግንበኝነት፣ በአንጥረኝነትና በሸማኔነት የታወቁት ቤተ እስራኤል ስፍራቸው ከፍ ያለ ነው። ለባለሙያዎቻቸው ከቤተ መንግሥት ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።

የፋሲል ግንብ አራት ማዕዘን ላይ የተቀመጡት እንቁላል መሰል ድምድማቶች፣ የቅስቶቹ ጠርዝ በቀይ ድንጋይ መዋቡ፣ የጥምቀተ ባሕሩ ቤት በውኃ መካከል መቆሙ ሞጎሎች በአግራና በዴልሂ የሠሩትን ያስታውሳል። ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የሕንድና የዓረብ አሻራ እንዳለበት ገልጿል። ሆኖም ሞጎሎች የሚወዱት ለስላሳ እብነ በረድ፣ የድንጋይ ጥልፍ መስኮትና ባለ ቀለም ጌጥ ጎንደር ላይ የለም። ግድግዳው ሻካራ፣ ጥቁር፣ ምሽግ መሳይ ነው፤ በውስጡ ግብር የሚበላበት ሰፊ አዳራሽ አለ። የተወሰደው የአሠራር ጥበብ ነው፤ ቤቱ የታነጸው ለአገሩ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ነው።

ፋሲል ወደ ሕንድ መልእክተኛም ልከዋል። በ1664 አንድ ሙስሊም ነጋዴና ኮጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ የኢትዮጵያን ንጉሥ እጅ መንሻ ይዘው ወደ ሞጎሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ሄዱ። ሱረት ሲደርሱ የማራታው አለቃ ሺቫጂ ከተማዋን ወረረ፤ እነርሱም ከያዙት ብዙው ተዘረፈባቸው። ዴልሂ ላይ ያገኛቸው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ ስለ እጅ መንሻው በዝርዝር ጽፏል፤ ባሮች፣ ፈረሶች፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ የተሞላ ትልቅ የበሬ ቀንድና የሜዳ አህያ ይገኙበታል። አውራንግዜብ ለመልእክተኞቹ የወርቀ ዘቦ ልብስና የሐር መታጠቂያ አለበሳቸው፤ በኢትዮጵያ ለፈረሰ መስጊድ ማደሻ ገንዘብም ሰጠ። ኮጃ ሙራድ ከዚያ በኋላ ለጻድቁ ዮሐንስና ለታላቁ ኢያሱ እስከ ባታቪያ፣ ወደ ደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ድረስ ተመላልሷል። የጎንደር ቤተ መንግሥት በደጋው ላይ ተዘግቶ የኖረ መስሎ ለሚታየው ሰው የዚህ ሽማግሌ ነጋዴ ጉዞ በቂ መልስ ነው።

የሜዳ አህያ ነገር ከዚያም ይቀድማል። የአውራንግዜብ አያት ጃሃንጊር በ1621 ከኢትዮጵያ የመጣ የሜዳ አህያ ቀርቦለት በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ በማንሱር አስሥሎታል፤ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። በሕንድ ምድርም የሐበሻ ዘር ያላቸው ሰዎች ታላላቅ ሥራ ሠርተዋል። በባርነት ተሸጦ ሄዶ የአህመድናጋር መንግሥት ጠባቂ የሆነው ማሊክ አምበር እስከ 1626 ድረስ ሞጎሎችን ተዋግቷል። በአህመዳባድ በ1573 የተሠራው የሲዲ ሰይድ መስጊድም የአንድ ሐበሻ ባለሟል ሥራ ነው፤ በድንጋይ የተጠለፉት መስኮቶቹ የከተማዋ መለያ ሆነዋል።

ጎንደር ላይ ጨርቅ ማዕረግን ይለይ ነበር። በ1699 ታላቁ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ እንዳየው መኳንንቱ ሐርና ስስ ጥጥ ይለብሳሉ፤ የከተማው ሰው በተመሳሳይ ስፌት ይለብሳል፣ ሐር ግን አልተፈቀደለትም፤ ድሃው ሱሪውንና ግማሽ ገላ የምትሸፍን ኩታውን ይዞ ይኖራል። ንጉሥ የሚሸልመው ካባና ለምድ ከውጭ በመጣ ከፈይና ግምጃ ስለሚሠራ አዲስ ሹም የተሾመ ዕለት በትከሻው ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ነበረበት። የሐር ገበያው ከሹመት ሥርዓቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ሹመት በበዛበት ዘመን ግምጃም ይፈለጋል።

ለተራው ሰው የሕንድ ዕቃ የደረሰው በጥለት ነው። የአገሩ ሸማ ከአገሩ ጥጥ ተፈትሎ በአገሩ ሸማኔ ይሠራል፤ ነጭነቱም ጥራቱም የሚያኮራ ነው። የሚያስቸግረው ቀለም ነበር። ቢጫው ከሱፍ አበባ ይገኛል፤ ደማቅ ቀይና የማይለቅ ሰማያዊ ግን በቀላሉ አይገኙም። ብሩስ ምጽዋ ላይ ከሚራገፈው ዕቃ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ሰማያዊ ጥጥንና የሱረት ጨርቅን፣ ከተለያዩ የሕንድ ገበያዎች የመጣ ስስ ጨርቅንም ነው። አድዋ ላይ ደግሞ ሸማኔዎች ሰማያዊውን የሱረት ጨርቅ ተርትረው ክሩን በሸማቸው ጠርዝ ላይ እንደሚሸምኑት አይቷል። በብዙ ድካም የተሸመነ፣ ባሕርና ገደል አልፎ የመጣ ጨርቅ እንደገና ክር የሚሆነው ለጥለቱ ሲባል ነው። አገሩ ጨርቅ አላጣም፤ ያጣው ቀለም ነው፤ የገዛውም ቀለሙን ነው።

ጃኖ የዚህ ሥራ አውራ ነው። በነጩ ሸማ ላይ የሚያልፈው ሰፊ ቀይ ጥለት የመኳንንትና የክብረ በዓል ልብስ ምልክት ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። ቀዩ ክር ከውጭ በሚመጣ ቀይ ጨርቅ ትርትር፣ ኋላም ከሕንድና ከአውሮፓ በተቀለመ ማግ ይሠራ ነበር። የሐር ክሩ ደግሞ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱ ጥበብና ጥልፍ፣ ሌላው ማተብ። ሰማያዊ የሐር ማተብ በአንገቱ ያላሰረ ክርስቲያን አልነበረም ማለት ይቻላል። ማተቡን የሚሸጠው ነጋዴ በአብዛኛው ሙስሊም፣ ክሩም ከባሕር ማዶ መሆኑ የሁለቱን ሃይማኖት ተከታዮች የገበያ ኑሮ ያሳያል። የካህናቱ ሻሽ ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸመነው ሕንድ ውስጥ ነበር።

በሐር ክር ጎንደር ላይ ከተሠራው ሁሉ የሚበልጠው አሁን በለንደን የብሪትሽ ሙዚየም የሚገኘው የመቅደስ መጋረጃ ነው። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። የተሸመነው በተራ የሸማኔ ዕቃ አይደለም። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ አራት ማዕዘን ገበታዎች ውስጥ የሐሩ ድር ይገባል፤ ሸማኔው ገበታዎቹን በየተራ እያዞረ ማጉን ያሳልፋል፤ እያንዳንዱ መዞር የሥዕሉን አንድ ነጥብ ያወጣል። ለዚህ መጋረጃ በአንድ ጊዜ ከ300 በላይ ገበታ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ስልት ከተሠሩት በዓለም ካሉት ጨርቆች ትልቁ ነው ይባላል። በላዩ የንጉሣውያን ቤተሰብና የካህናት ሥዕል አለበት፤ ተመራማሪዎች ዓፄ በካፋን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን ያሳያል ይላሉ። ሐሩ የቻይና ሲሆን በሕንድ ነጋዴዎች በኩል እንደ መጣ ይታመናል። የዚሁ ዓይነት ሌላ መጋረጃ ቶሮንቶ በሚገኘው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። ክሩ ከቻይና፣ መንገዱ በሕንድ፣ ሥዕሉና ሽመናው የጎንደር፤ የዘመኑን የእጅ ሥራ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ አንድ ዕቃ የለም።

ምንትዋብ ከ1730 በኋላ ለልጃቸው እንደራሴ ሆነው ሲገዙ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። በእርሳቸው ዘመን የቤተ መንግሥቱ ጌጥ ከብዙ አገር የተውጣጣ ነበር። ከሰምርኔስ ሸሽተው የመጡ ግሪኮች ለዳግማዊ ኢያሱ ክፍል የዝሆን ጥርስና የቬኒስ መስተዋት ለጥፈዋል፤ ስለዚህ የዘመኑን ውበት ሁሉ ለሕንድ መስጠት ትክክል አይሆንም። በሥዕሉ ላይ ግን የጨርቁ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት የሚባለው በዚህ ጊዜ ያበበው ነው። ቅዱሳኑ በአበባ የተሞላ ግምጃ፣ ባለ መስመር ሐር፣ ጠርዙ በወርቅ የተዋበ ካባ ለብሰዋል፤ እመቤታችን የተቀመጠችበት ምንጣፍና ከኋላዋ የተዘረጋው መጋረጃ በጽጌ ተሞልቷል። በጣና ደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሠዓሊው የግምጃውን አበባ አንድ በአንድ ሲያወጣ ጨርቁን በዓይኑ አይቶ፣ ምናልባትም በእጁ ዳስሶ እንደ ነበር ያስታውቃል።

ጨርቁ ራሱ ከዓይን ተሰውሮ የቆየው በመጻሕፍት ውስጥ ነው። የጎንደር ደጓሽ የብራናውን መጽሐፍ በእንጨት ገበታ አስሮ ቆዳ ያለብሰዋል፤ ቆዳውን በጋለ ብረት ይደጉሰዋል። ከገበታው በስተ ውስጥ ቆዳው ታጥፎ ሲገባ መካከሉ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ይቀራል። ያንን ቦታ የሚሞላው ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ ከካባ የተረፈ ከፈይ፣ ያረጀ ወርቀ ዘቦ፣ ማኅተም የተመታበት የጉጅራት ጥጥ፣ አንዳንዴ የአውሮፓ ሐር። ፀሐይና አቧራ ስላላገኘው ቀለሙ እንደ ትናንት ሥራ ደማቅ ሆኖ የሚገኝ አለ። ሚካኤል ጄርቨርስና ሌሎች ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ብራናዎች ሽፋን ውስጥ የሕንድ ጨርቆችን ለይተዋል። ሕንድ ውስጥ የሞቃት አገር እርጥበትና ምስጥ ያጠፋው የ17ኛውና የ18ኛው ምዕት ዓመት ጨርቅ ናሙና በደጋው ገዳም ዕቃ ቤት ተጠብቆ ተገኝቷል ማለት ነው።

ከሕንዶቹ ራሳቸው ወደ ጎንደር የዘለቀው ጥቂት ነበር፤ የብዙዎቹ መቀመጫ ምጽዋ ናት። ብሩስ በ1769 ሲደርስ በአንድ ወቅት የወደቡ ዋና ነጋዴዎች የነበሩት ባንያኖች ቁጥራቸው ወደ ስድስት ወርዶ ነበር። ወርቅ እየፈተኑ፣ ለደጋው ሴቶች የብር ጉትቻና ጌጥ እየሠሩ በችግር ይኖሩ ነበር። ትልቁ ንግድ ከእጃቸው ወጥቶ የቀረላቸው አንጥረኝነት ብቻ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሱረትም በዚያው ጊዜ አካባቢ ለቦምቤይ ቦታዋን እየለቀቀች ነበር።

በዘመነ መሳፍንት ጎንደር የቤተ መንግሥትነት ኃይሏ ተዳከመ እንጂ ገበያዋ አልተዘጋም። የከተማዋን ጥሪት የጨረሱት የ19ኛው ምዕት ዓመት ጥቃቶች ናቸው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1864ና በ1866 ከተማዋን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ መጻሕፍቱንና የከበረውን ዕቃ ወደ ምሽጋቸው ወደ መቅደላ አጋዙ። በ1868 በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነበር፤ 13,000 ያህል ወታደር የነበረው ሲሆን አብዛኛው ሕንዳዊ ነበር፤ መድፉን የተሸከሙት 44 ዝሆኖችም ከሕንድ የመጡ ናቸው። ያ ጦር ከመቅደላ ይዞ የሄደው የጎንደር ቅርስ ተቆጥሮ አያልቅም። ብሪትሽ ላይብረሪ ብቻ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ደረሱት። የሐሩ መጋረጃ የተወሰደው በዚሁ ዘመቻ ነው፤ የቴዎድሮስ ሚስት የእቴጌ ጥሩነሽ የተጠለፈ ቀሚስም ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገባ። በ1888 ደግሞ ከሱዳን ደርቡሾች መጥተው የተረፈውን አቃጠሉ። ስለዚህ ስለ ጎንደር ጨርቅ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ለንደን ድረስም መሄድ አለበት፤ ይህ ሊቀጥል የማይገባው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሕንድ ንግድ ማዕከሉ ወደ ሸዋና ወደ ሐረር ዞረ። ቦምቤይ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የጨርቅ ፋብሪካ ስላቆመች አቡጀዲና የፋብሪካ ክር በርካሽ ይገባ ጀመር። የመሐመዳሊ ኩባንያ በሐረር ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መደብር ከፈተ፤ የዓፄ ምኒልክን ሕንጻዎች ከሠሩት መካከልም እንደ ሐጂ ከዋስ ያሉ ከሕንድ የመጡ ግንበኞች ነበሩ። ጣሊያኖች አገሩን ሲይዙ መሐመዳሊን በ1937 አባረሩ። 

የፋብሪካው ክር የሸማኔውን ሥራ አላጠፋም፤ ሥራውን ግን ቀየረው። ከእንግዲህ የሱረት ጨርቅ መተርተር አያስፈልግም፤ የተቀለመ ክር በጥቅል ከሱቅ ይገዛል። ከጎንደር በስተ ሰሜን ባለችው በወለቃ ሸክላና ሽመና ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከ1984 ጀምሮ በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የእጅ ሥራው ግን በሌሎች ተተክቶ ለጎብኚ ይሸጣል። በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መጠመቂያ የሚወርዱት ታቦታት የሚከናነቡት መጎናጸፊያ፣ የካህናቱ ካባና ድባቡ ዛሬም በብዛት ከሕንድና ከቻይና በሚመጣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይሰፋል። ሥርዓቱ ያው ነው፤ ጨርቁ ግን ከሐር ወደ ሰው ሠራሽ ክር ወርዷል።

አሁን አሳሳቢው ያረጁ መጻሕፍት ጥገና ነው። ገዳማትና አድባራት የተጎዳ ሽፋን ሲያስጠግኑ ከገበታው ውስጥ ያለው አሮጌ ጨርቅ ተልጦ ይጣላል፣ ወይም በአዲስ ይተካል። ያ ቁራጭ የመጽሐፉ ዘመን ምስክር፣ የምጽዋ መንገድና የሱረት ሸማኔ ሥራ ማስረጃ ነው። የዕቃ ቤት ኃላፊዎች፣ ደጓሾችና ጥገና የሚያዝዙ አለቆች ጨርቁ ባለበት እንዲቆይ፣ መነሣቱ ግድ ከሆነም ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ወጣ ተጽፎበት በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ከመጽሐፉ ጋር እንዲቀመጥ ቢያደርጉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።